የሰሌዳዬ እጣቢ

ይህ የደረሰብኝ በሠላሳዎቹ ዓመታት፣ ጣሊያን ለቆ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ እዚሁ ወላይታ ሶዶ ውስጥ ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆች ያሉኝ አያት ነኝ። በመካከሉ ስንቱን ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን እኔ ልርሳው ብል ፊቴ አይረሳውም። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ተቀምጬ እንኳ ቢሆን ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

ሰሞኑን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ናት። አስተማሪ ናት። ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ተማርን አለችኝ። ተማሪዎቹ ለጥቂት ደቂቃ እጃቸውን ሳያቆሙ ይጽፋሉ። ፊደል ተሳሳተ፣ ነጥብ ቀረ አይባልም። ማንም አያርማቸውም። ዋናው ነገር የመጣላቸውን ሳይፈሩ ማውጣታቸው ነው። "አዲስ ነው?" አልኳት። "አዎ፣ ከውጭ የመጣ ነው" አለች። እኔ በዚያ ዘዴ ጉድ የሆንኩት እናቷ ሳትወለድ መሆኑን በምን አፌ ልንገራት?

አባቴ ከሰሜን የመጡ ወታደሮች ልጅ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ዘምቶ ቀረ። እናቴም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ለእኔ የተረፈኝ አባቴ ያስቆጠረኝ ፊደልና የዘር ኩራት ብቻ ነበር። ኩራት እራት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ብዙ ቀን ያለ እራት አድሬበታለሁ።

ያገባኝ ወልዴ የዚሁ አገር ልጅ ነው። ወላጆቹ ከቦዲቲ አካባቢ የመጡ፣ ቀደም ብለው የተጠመቁ ሰዎች ናቸው። እሱ ሶዶ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። የምንኖረው ከእናቱ ከእማማ አማረች ጋር፣ በእሳቸው ቤት ነው። ዘመድሽ ማን ነው፣ ምን ይዘሽ መጣሽ ሳይሉ ነው የተቀበሉኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ለማወራው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

እማማ አማረች ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ደግነታቸው ድምፅ ነበረው። ሲያበሉም እየጮኹ ነው፣ ሲያዝኑም እየጮኹ ነው። አማርኛቸው ከገበያና ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የተለቀመ ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም "አንተ" ነበር የሚሉት። እኔን "ና ልጄ፣ ብላ" ሲሉኝ ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን እውጣለሁ። ከወልዴ ጋር በቋንቋቸው ሲያወሩ በመካከሉ ስሜን እሰማለሁ፣ ሌላው አይገባኝም። አዲስ ሙሽራ ደግሞ ያልገባት ነገር ሁሉ ሐሜት ይመስላታል።

ወልዴ "ፊደል ታውቂያለሽ፤ ትንሽ ብትማሪ ሴቶች ልጆችን ታስተምሪያለሽ" ብሎ አዲስ በተከፈተው ትምህርት ቤት አስገባኝ። ክፍሉ የተደበላለቀ ነበር። ጥርሳቸውን ገና የሚነቅሉ ልጆችና ጢማቸውን የሚላጩ ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ያገባሁ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መምህር ታደሰ ከአዲስ አበባ የተላኩ ቀጭን ወጣት ነበሩ። ወረቀት ስለሌለ የምንጽፈው በጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳው የየራሳችን ሲሆን ጠመኔው የመንግሥት ነው። ከትምህርት በፊት እየቆረሱ ያድሉናል፤ ትምህርት ሲያልቅ እየዞሩ ቁራጯን እንኳ ይለቅሙናል። የጠመኔውን ነገር አትርሱብኝ።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን የለመኗትን አጭር የጧፍ ቁራጭ ጠረጴዛቸው ላይ አቁመው ለኮሱና "ይህ ጧፍ እስኪያልቅ እጃችሁ እንዳይቆም" አሉን። ምን እንጻፍ ብለን ጠየቅን። "የሆዳችሁን" አሉ። "እኔ አላነበውም። ጓደኛችሁም አያነበውም። ስትጨርሱ ውሃ ያጥበዋል።"

የሆዳችሁን ጻፉ መባል ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር። የሆድን በሆድ መያዝ ነው ያደግንበት። ጽሕፈት ማለት ደግሞ ወይ ጸሎት ነው፣ ወይ አቤቱታ ነው፣ ወይ ለሩቅ ዘመድ የሚላክ ሰላምታ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁላችንም ሰላምታ ጻፍን። እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ላሚቱ ደህና ናት፣ ጥጃዋም ደህና ነው እያልን፣ ለማን እንደሆነ ሳናውቅ ጧፉ እስኪጠፋ ጤና ስንጠይቅ ቆየን። ከኋላ የሚቀመጠው ጢማም ተማሪ የመሬት አቤቱታ ጀምሮ ሰሌዳው አልበቃው ቢል አጠገቡ ካለው ልጅ ሊነጥቅ ሲታገል ነበር መምህሩ የደረሱበት።

እየቆየ እጃችን ተፈታ። በተለይ የእኔ። ቤት ውስጥ እሺ፣ እሺ የምትለው ምራት ሰሌዳው ላይ ሌላ ሰው ሆነች። አንዳንድ ቀን አጥቤው ስነሣ ትከሻዬ ይቀለኝ ነበር። ይህን ዘዴ ያመጣው ሰው ይባረክ እል ነበር በልቤ።

የሰሌዳዎቹ እጣቢ በር አጠገብ በተቀመጠ ትልቅ ገበቴ ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሚስት ሌሊቱን ሲያለቅስ የሚያድር ሕፃን ልጇን በዚያ ውሃ አጠበችው። ልጁ ተኛ። ለምን እንደተኛ እግዚአብሔር ይወቅ፤ ምናልባት ማልቀሱ ራሱ ሰልችቶት ይሆናል። የሰፈሩ ሴቶች ግን ምክንያቱን አላጡትም። ደብተራ ቃል ጽፎ፣ ጽሑፉን በውሃ አጥቦ ለበሽተኛ እንደሚያጠጣ ሁሉም ያውቃል። የአንድ ደብተራ ጽሑፍ ከፈወሰ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ የጻፈው እንዴት አይፈውስም? ጧፍ ማብራታችን ደግሞ ጥርጣሬውን ጨርሶ አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ የጧፍ ቀን በሆነ ቁጥር ቅል የያዙ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ ይጠብቁን ጀመር። ከዱቦ በኩል በእግር የመጡ ሁሉ ነበሩ። እኛ ምን እንደጻፍን ስለምናውቅ እርስ በርሳችን እየተያየን ዝም እንላለን። መምህር ታደሰ ነገሩን የደረሱበት ቀን ግን ተቆጥተው ገበቴውን መሬት ላይ ደፉት። ሴቶቹም ጭቃውን በእጃቸው ዝቀው ይዘው ሄዱ።

በማግሥቱ በግቢው ውስጥ ሰሌዳ ማጠብ ተከለከለ። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ይዞ ሄዶ ቤቱ እንዲያጥብ ታዘዘ። እኔም ወደ ቤት ሳልገባ፣ ከጓሯችን እንሰት ሥር ቁጭ ብዬ አጥቤ እገባ ነበር። ማንም አያየኝም።

ሰኔ ላይ እማማ አማረች በንዳድ ወደቁ። ያ ሁሉ ድምፅ ጠፋ። ወልዴ ከሐኪም ቤት ኪኒን አመጣላቸው፤ መረረኝ ይሉና ጉንጫቸው ውስጥ ደብቀው ኋላ ይተፉታል። አንድ ጠዋት እጄን ያዙና "የሰው ሁሉ ካንተ ትምህርት ቤት ውሃ ጠጣ" አሉኝ። "እኔ ቤት ተማሪ አለ። እኔ አልጠጣም። ለምን?"

"እማማ፣ አሁን ተከልክሏል" አልኩ።

"የሌላ ሰው አልፈልግም። ያንተ አምጣ። ሳታጥብ አምጣ፣ እዚህ ፊቴ እጠብ።"

ወልዴን በዓይኔ ተማጸንኩት። እሱ ግን በር ላይ ነጠል አድርጎኝ "ጠመኔ ምን ይጎዳቸዋል? ልባቸው ይረፍ። ምናልባት በዚያ አሳብበን ኪኒኑንም እንሰጣቸዋለን" አለኝ። እኛ እዚያ ጧፍ አብርተን ጸሎት የምንጽፍ ነበር የሚመስለው። እኔም አይደለም አላልኩትም። ምን ትጽፋላችሁ ቢለኝስ?

የጧፍ ቀን ደረሰ። ያን ቀን ጸሎት ብቻ ልጽፍ ቆርጬ ነው ከቤት የወጣሁት። ልወጣ ስል አንዲት ጎረቤት ልትጠይቃቸው ገብታ ነበር። እማማ በቋንቋቸው በደከመ ድምፅ የሆነ ነገር ነገሯት። ስሜን ሰማሁ። ጎረቤቲቱ ዞራ አየችኝና ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ምን ብለው እንደሳቁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ጠዋት ግን የማውቅ መሰለኝ።

ጧፉ በራ። በስመ አብ ብዬ ጀመርኩና ከልጅነቴ የማውቀውን ለድውይ የሚደረስ ጸሎት ጻፍኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ መምህር ታደሰ ከኋላዬ ቆሙ። አያነቡም ብያለሁ፤ ነገር ግን በቃል የተሸመደደ ነገር ሲጻፍ ከእጅ አኳኋን ያውቁታል። "ይህ የሌላ ሰው ነው" አሉኝ። "ያንቺ የታለ? እጅሽ አይቁም።"

እጄ አልቆመም። ስለ ዝናቡ ልጽፍ እችል ነበር። ስለ መንገዱ ጭቃ ልጽፍ እችል ነበር። ግን የጠዋቱ ሳቅ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበርና እሱ ቀድሞ ወጣ። አንተ ትለኛለች ብዬ ጻፍኩ። በማላውቀው ቋንቋ ታማኛለች። ልጇን ነጠቀችኝ። ቦይና የምትለው ጎደሬ ጉሮሮዬን ያሳክከኛል፤ እያሳከከኝ ጣፈጠኝ እላለሁ። እኔ የማን ልጅ ነኝ፣ እዚህ ምን አመጣኝ? ቀጥሎም፣ እንዳለ ልንገራችሁ፣ ይህ ቤት ለእኔና ለወልዴ ብቻ የሚሆነው መቼ ነው ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ታመው ተኝተው ሳለ ማለት ነው። ሰሌዳው ግጥም ብሎ ሞላ። ጧፉ ጠፋ።

ቀና ስል ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት። መምህሩ ወዲያው ጠመኔውን ሰበሰቡ። በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ ሌላ ልጻፍበት ብል በምን እጽፋለሁ? ቢያንስ በመንገድ ላይ አጠፋዋለሁ፣ ባዶ ሰሌዳ ይዤ ገብቼ በዝናብ ታጠበ እላለሁ ብዬ ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ወልዴ ቆሟል። ከሥራው አስፈቅዶ ሊወስደኝ መጥቷል።

"አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ" አለኝ።

"የጻፈው ሰው ነው የሚይዘው" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። እሱ ግን አመነና "እንግዲያው ቀስ በይ፣ ቃሉ እንዳይጠፋ" እያለ ድንጋዩን እየመረጠ መራኝ። ሰሌዳውን ጽሑፉን ወደ እኔ አዙሬ ይዤዋለሁ። ነጠላዬ እንዳይነካው ብሎ አንዳንዴ እየዞረ ያያል። ስለዚህ መጥረግም አልቻልኩ።

የቀረኝ ተስፋ ዝናቡ ነበር። በሶዶ ሰኔ ማለት ከሰዓት በኋላ ዳሞታ ተራራ ጉሙን ሲከናነብ፣ ሰው ቤቱ ሳይደርስ የሚበሰብስበት ወር ነው። ያን ቀን ዳሞታ ጉሙን ተከናንቦ፣ ደመናውም ጠቁሮ ነበር። ጌታዬ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ አውርደው እያልኩ ስለምን ቤት ደረስን። ጠብ አላለም። እኛ ገብተን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የዘነበው።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ጎረቤቶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። የእማማ አማረች የንስሐ አባት ከራስጌያቸው ተቀምጠዋል። ውሃ በቅል፣ ባዶ ገበቴ፣ የቀንድ ዋንጫ ተዘጋጅቷል። በእሳቸው ቤት እንዲህ በጉጉት ተጠብቄ አላውቅም።

ቶሎ ብዬ ገበቴው አጠገብ ተንበረከክሁና ቅሉን አነሣሁ። "ቆይ" አሉ እማማ። "አንብብ። የምጠጣው ልስማ።"

ሰሌዳውን ወደ ፊቴ አስጠግቼ አነበብኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች እውነተኛ ጸሎት ናቸውና እነሱን አነበብኩ። ከዚያ ዓይኔ "አንተ ትለኛለች" የሚለው ላይ እንዳረፈ በአፌ ሌላ ቃል ጨመርኩ። ማርልን፣ ፈውስልን፣ ዕድሜ ስጥልን አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ጎረቤቶቹ ከእምነት ብዛት መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶሎ አሜን ብዬ ጨረስኩ።

ቅሉን ላዘነብል ስል ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጪው እስቲ፣ ልባርከው" አሉ።

በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔና ከወልዴ ሌላ ፊደል የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወልዴ በር ላይ ሆኖ ጫማውን ይፍቃል። አልሰጥም ማለት አይቻልም። ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። የድሮ ሰው ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የእሳቸውም ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። በስመ አብ ሲሉ ይሰማል። ሁለተኛው መስመር ላይ ደረሱ። ከዚያ ከንፈራቸው ገጥሞ ዓይናቸው ብቻ ወደ ታች ወረደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላሉ፤ እኔ ያን ቀን መሬቷን ደጋግሜ አይቻታለሁ።

ጨርሰው እማማን አዩአቸው፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ጸሎት ነው" አሉ። "እንዲህ ያለው ጸሎት ግን ብዙ ውሃ ይፈልጋል።" ሰሌዳውን ለእኔ አልመለሱልኝም። ራሳቸው ገበቴው ላይ ይዘው፣ ከቅሉ እያፈሰሱ፣ በመዳፋቸው አሹ። ጽሑፌ ነጭ ሆኖ ወረደ።

ከዋንጫው እኔ ነኝ ያጠጣኋቸው። ግድ ነበረብኝ፤ ምራት ናት የምታጠጣው። ራሳቸውን በአንድ እጄ ደግፌ በሌላው ዋንጫውን አስጠጋሁ። በጠርዙ ላይ ዓይን ዓይኔን እያዩ እስከ ጭላጩ ጠጡት። "ጦሳ ይስጥህ ልጄ" አሉኝ። ጦሳ በቋንቋቸው እግዚአብሔር ማለት ነው። ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና እዚያ እንሰት ሥር፣ በዝናቡ ውስጥ አለቀስኩ።

እማማ አማረች ዳኑ። ወልዴ ኪኒኑ ነው ያዳናቸው ይላል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መትፋት ትተው ነበርና። እሳቸው ግን የማንንም ቃል አልሰሙም። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በገበያው፣ ቦዲቲ ድረስ ዘመድ ሊጠይቁ ሲሄዱም ጭምር "የልጄ ሚስት ጽሕፈት አዳነኝ" ይላሉ። ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል። ሴቶች ቅል ይዘው እኔን ፍለጋ ቤት ድረስ ይመጡ ጀመር። ስመሰገን አንገቴን እደፋለሁ፤ ትሕትናዋ ይላሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ክረምት ተመስግኜም፣ እንደዚያ ክረምት አፍሬም አላውቅም። ለቄሱ ንስሐ ልገባ ሄጄ ገና አፌን ስከፍት "አንብቤዋለሁ እኮ" ብለው አሰናበቱኝ።

ክረምቱ አለፈ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ደረሰ። በጊፋታ ዋዜማ የተጣላ ይታረቃል። ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መግባት ነውር ነው፤ ሽማግሌ ባይኖር እንኳ ሰው ራሱ ሄዶ ይጨርሳል። ይህን በወሬ እንጂ በደንብ አላውቀውም ነበር። ሥጋው ተገዝቶ፣ ቂቤው ተነጥሮ፣ ዳጣው ተፈጭቶ ቤቱ ሽር ጉድ ሲል እማማ አማረች ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

መደቡ ላይ የእኔ ሰሌዳ ተቀምጧል። አጠገቡ የጧፍ ቁራጭና ወልዴን ልከው ከመምህር ታደሰ ያስለመኑት ጠመኔ አለ።

"ተቀመጥ" አሉኝና ጧፉን ለኮሱ።

ሰሌዳውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጻፍ ጀመሩ። ፊደል አንድም አያውቁም። መስመር ያሰምራሉ፣ ክብ ያደርጋሉ፣ ይጭራሉ፤ ጠመኔው ሲጥ ሲጥ ይላል። ከንፈራቸው በቋንቋቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቦታ ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ጠመኔውን ከመጫናቸው የተነሣ ጫፉ ተሰበረ። አንድ ቦታ ላይ ሳቁ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጃቸው ግን አልቆመም። መምህር ታደሰ ቢያዩአቸው ጎበዝ ተማሪ ይሏቸው ነበር።

ጧፉ ሲጠፋ ውሃ አፍስሰው ሰሌዳውን በመዳፋቸው አጠቡ። እጣቢውን በዚያው በቀንድ ዋንጫ ሞሉና ወደ እኔ ዘረጉት።

"ጠጣ" አሉ። "እኔ ያንተ ጠጣሁ።"

ክው አልኩ። ማን ነገራቸው? ቄሱ? ጥያቄውን ከፊቴ አነበቡት።

"ማንም አልነገረ" አሉ። "ያነበብከው ትንሽ። የተጻፈው ብዙ። ቄሱ እኔን አየ፣ አንተን አየ። እኔ አሞኝ ነበር እንጂ ሞቼ አልነበረም።"

"ታዲያ እማማ፣ እያወቁ ለምን ጠጡት?"

"ወዴት ይሂድ?" አሉኝ። "መሬት ላይ ቢደፋ ጎረቤት ይዝቀዋል። እዚሁ ቤት ይለቅ።"

ዋንጫውን ተቀበልኩ። እጣቢው ነጭ ነበር፤ ጠመኔ ጠመኔ ይላል፣ ምላስ ላይ ይሻክራል። የጻፉትን ማንም ሊያነበው አይችልም፤ እኔ ግን እየጠጣሁ አንድ በአንድ አነበብኩት። ቦይናውን እሳቸው ዞር ሲሉ ለውሻ የሰጠሁበት ቀን እዚያ አለ። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ከከተማ ሴቶች ጋር ቆሜ አማርኛቸውን አስመስዬ እያወራሁ ሳስቅ፣ ዞር ስል ከኋላዬ ቆመው ያገኘኋቸው ቀን እዚያ አለ። ያን ቀን እንዳልሰሙ ሆነው "ና ልጄ፣ እንሂድ" ነበር ያሉኝ። ከእሳቸው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ ከቋንቋቸው ሰላምታ እንኳ ልማር አለማሰቤ እዚያ አለ። እስከ ጭላጩ ጠጣሁት። ዓይን ዓይናቸውን ማየት ግን አልቻልኩም፤ እሳቸው ችለውት ነበር።

"አለቀ" አሉና ተነሡ። "ና፣ ሥጋው ይጠብቃል።"

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አብረን ኖርን። ቋንቋቸውን ተማርኩ፤ ልጆቼም አፍ የፈቱበት ነው። እሳቸውም እስከ መጨረሻው "አንተ" እንዳሉኝ አረፉ። ያን ነገር አንድም ቀን አላነሡብኝም። ተታርቀናልና አልቋል። የእኔ እፍረት ግን አላለቀም። የጻፍኩትን ስላወቁብኝ ብቻ አይደለም። ጠላቴ ናት ብዬ የጻፍኩባት ሴት፣ የጻፍኩትን እያወቀች ምስክሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠጥታልኛለች። እኔ ብሆን ኖሮ ዋንጫውን ፊቷ ላይ እደፋው ነበር። ይህን ስለማውቅ ነው የማፍረው።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ በእኔ ልትለማመድ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝና ሰዓቷን እያየች "እጅሽን ሳታቆሚ የመጣልሽን ጻፊ" አለችኝ። የመጣልኝ ይኸው ነው። ደቂቃው አልቆ በቃሽ ብትለኝም እጄ እስኪመሽ አልቆመም። ስጨርስ ውሃ አምጪልኝ አልኳት። ለምን አለችኝ። ላጥበው አልኳት።

ሳቀች። "ቀለም እኮ ነው፣ አይለቅም" አለችኝ።

እንግዲያው ለእናንተ ለአንባቢዎች እንዳለ ልኬላችኋለሁ። እፍረቱም አብሮ እንዳለ ነው።